ሀ ሁን በቃል የሚወጡ፣ ፊደሉን ግን የማያውቁ ልጆች፦ ሥዕልና ፊደል የሚገናኙት የት ላይ ነው?

ጥያቄው፦ «በመዋዕለ ሕፃናት 18 የ4 ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። ሀ ሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል፤ ከመሃል አንዱን ፊደል ስጠቁም ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ሥዕል እንዲለምዱ ብዬ ፊደሉ በትልቁ የታተመበት ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ ውስጡን ቀለም ይቀባሉ፣ ጥጥና ባቄላ ይለጥፉበታል። ደስ ይላቸዋል፤ በማግሥቱ ግን ፊደሉን አያስታውሱትም። አንዱ ልጅ ደግሞ ቀለም እጁን ሲነካው ያለቅሳል። ሥዕልንና ፊደልን እንዴት አብሬ ላስተምር?»

በመጀመሪያ ያንን የታተመ ወረቀት ይተዉት። ልጆቹም የእርስዎም ትጋት ጥፋት የለባቸውም፤ ጥፋቱ ያለው ሥራው ላይ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ በ የተሰጠው ልጅ ዓይኑም ሐሳቡም ቀለሙ ከመስመር እንዳይወጣ ነው። የፊደሉን ቅርጽ ሠርቶ የጨረሰው ማተሚያው ነው፤ የልጁ እጅ ሁለቱን እግሮች አንድ ጊዜ እንኳ ከላይ ወደ ታች አላወረደም። ጥጥ የሚለጥፈው ልጅም የሚያስበው ስለ ኮላው ነው፤ ጥጡ ሲበዛ ደግሞ ፊደሉ ራሱ ተሸፍኖ ይጠፋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ልጁ የተማረው መለጠፍን ነው። ሥዕልም አልተማረም፤ ምን እንደሚሠራ፣ ከየት እንደሚጀምር፣ የት ላይ እንደሚያቆም የወሰነለት ሌላ ሰው ነውና። ባቄላውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ ዕድሜ ትንንሽ ፍሬ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ጉሮሮም ያንቃል። ከክፍሉ ቢወጣ ይሻላል።

ሥዕልና ፊደል የሚገናኙት መስመር ላይ ነው። ሥዕል የልጁን እጅ ይፈታል፣ ዓይኑንም መስመር ማየት ያስለምደዋል። የፊደል ትምህርት ደግሞ ከእነዚያ መስመሮች የትኞቹ ተጋጥመው የትኛውን ድምፅ እንደሚሰጡ ይነግረዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አይደባልቋቸው፤ በአንድ መስመር ዙሪያ ያቀራርቧቸው። ሥዕሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነፃ ይሁን፤ ፊደሉ 5 ደቂቃ ብቻ፣ ግን ጥንቅቅ ያለ ይሁን። በሥዕሉ ሰዓት ማረም የለም። በፊደሉ ሰዓት ግን እግሩ አጥሮ ከሆነ አጥሯል ይባላል።

መጀመሪያ የእጁን አቅም ማወቅ ይገባል። ልጆች አይተው የሚገለብጧቸው ቅርጾች በቅደም ተከተል ነው የሚመጡት። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር በ2 ዓመት ገደማ፣ ክብ በ3፣ መስቀል በ4፣ አራት ማዕዘን በ4 ዓመት ተኩል፣ ሦስት ማዕዘን በ5 ዓመት አካባቢ ይመጣሉ። ሰያፍ መስመር የሚዘገየው እጅ በአንድ ጊዜ ወደ ጎንም ወደ ታችም እንዲሄድ ስለሚጠይቅ ነው። አንዳንዱ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ይዘገያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን እምብዛም አይለወጥም። ይህን ይዘው ፊደላችንን ሲያዩት ከሀ ጀምሮ በተራ መሄድ ለእጅ የማይመች መንገድ መሆኑ ግልጽ ይሆናል፤ ሁለተኛው ፊደል ለ ሰያፍ እግር አለው። ዜማውን አይከልክሉ፣ መልካም ዜማ ነው። ግን ዜማው የሚያስተምረው ተራን ነው። ልጁ በተራው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ እያንዳንዱን ቅርጽ ቆሞ አያይም፤ ከመሃል ሲጠየቅ ዝም የሚለውም ለዚህ ነው።

በቅርጽ ቤተሰብ ይጀምሩ። የመጀመሪያው የክብ ቤተሰብ ነው፦ ዐ፣ ፀ፣ ወ፣ ቀ፣ ቆይቶም መ። ቀጥሎ ተ፤ መስቀልን የሠራ እጅ ተን ይሠራል። ከዚያ ሁለት እግር ያላቸው በ እና ሰ፤ ለ ከእነርሱ በኋላ ይምጣ። ሀ የጽዋ ቅርጽ ስላለው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከበ ጋር በአንድ ሳምንት አያስተምሩት። ሀ ቢገለበጥ በን ይመስላል፤ ሁለቱ ተከታትለው ከመጡ ልጁ ለወራት ያምታታቸዋል። ቢያንስ 3 ሳምንት ይራራቁ። ባርኔጣ የደፉት፣ ማለትም ቸ፣ ሸ፣ ቨ፣ ዠ፣ ኘ፣ ጀ እና ኸ፣ ከእናቶቻቸው በኋላ ሲመጡ ራሳቸውን ያስተምራሉ፤ ተ ላይ አንድ አግዳሚ ሲጨመር ቸ መሆኑን ልጆች በደስታ ነው የሚቀበሉት።

የክብን ሳምንታት በዝርዝር ልውሰድ፤ ሌላው ሁሉ በዚሁ ዓይነት ይሄዳል።

በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ከኤ3 ያላነሰ፣ ወይም የተዘረጋ ካርቶን። አራቱን ማዕዘን በፕላስተር ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ መካከሉ በልጁ አንገት ከፍታ ላይ ይዋል። ግድግዳ ላይ መሥራት የእጅ አንጓ ወደ ኋላ ቀና እንዲል ያስገድዳል፣ ኋላ እርሳስ የሚይዘው የእጅ አቋምም ይኸው ነው። ወረቀቱ ከተንሸራተተ ልጁ አንዱን እጁን ወረቀት ለመያዝ ስለሚያውለው ክቡ ይሰበራል፤ ስለዚህ በደንብ ይለጠፍ። ብሩሹ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና አጭር እጀታ ይኑረው። ቀለሙ አንድ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ያለ ብሩሽ፣ ክንዱን ከትከሻው አንሥቶ በአየር ላይ ትልቅ ክብ ያዙር፤ ከዚያ በወረቀቱ ላይ። ብዙዎቹ ክቡን አይገጥሙትም፣ ደጋግመው እየዞሩ እንደ ጎጆ የተጠላለፈ ሙንጭርጭር ይሠራሉ። ይህ ስህተት አይደለም፤ እጅ መዞርን የሚማረው እንዲህ ነው። ጀምሮ መግጠም የሚመጣው ማቆምን ሲችል ነው። የሚረዳው አንድ መላ አለ፦ ሲዞር አብረው «እየዞረ፣ እየዞረ፣ ቤቱ ገባ» ይበሉ፤ «ገባ» ሲባል ብሩሹ ይነሣል።

በሁለተኛው ቀን ሁለተኛ ቀለም ይምጣ። ቢጫና ሰማያዊ ይስጡ፤ ቢጫው 3 ማንኪያ፣ ሰማያዊው ግማሽ ማንኪያ ይሁን። ጠቆር ያለው ቀለም ፈዛዛውን ይውጠዋል፤ እኩል ከሰጡ ቢጫው ወዲያው ይጠፋና አረንጓዴ ሲወለድ ለማየት የታሰበው ሁሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል። ቀይ በዚያ ቀን አይጨመር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲነኩ ቡናማ ይሆናሉ፣ ልጁም ሥዕሉ እንደተበላሸበት ያስባል። በሳምንቱ ቢጫና ቀይ፣ በሦስተኛው ሳምንት ቀይና ሰማያዊ ይስጡ።

በሦስተኛው ቀን ፊደሉ ይመጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ከካርቶን ቆርጠው፣ አንድ 10 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ዱላና አንድ 18 ሴንቲ ሜትር ዱላ ይዘው ምንጣፍ ላይ ከ4 ወይም ከ5 ልጆች ጋር ይቀመጡ። ቀለበቱን ብቻ ያስቀምጡ፦ «ዐ»። አጭሩን ዱላ በቀለበቱ መሃል አጋድመው ያስቀምጡ፦ «ፀ»። እዚያው ላይ ዱላውን አንድ ሩብ ዙር አዙረው ያቁሙት፦ «ወ»። አጭሩን ያንሡና ረጅሙን ከቀለበቱ አናት አንሥተው እስከ ታች ያውርዱት፤ ትርፉ እግር ሆኖ ይወጣል፦ «ቀ»። አንድ ቀለበት፣ ሁለት ዱላ፣ አራት ፊደል። ከዚያ ዱላውን ለልጁ ይስጡት። ልጁ ዱላውን ሲያዞር ፀ ወደ ወ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል፤ የመስመር አቅጣጫ ስም እንደሚቀይር ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። አራቱም በአንድ ቀን አይደርሱ፤ በቀን አንድ አዲስ፣ ከትናንቱ ጋር።

ከዚያ ወደ ትናንትናው ሥዕላቸው ይመለሱና «ሥዕልህ ውስጥ ዐ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከሙንጭርጭሩ መካከል አንድ የገጠመ ክብ በጣቱ ሲያሳይ፣ ፊደሉ ከሰሌዳ የወረደለት ሳይሆን ከገዛ እጁ የወጣ ነገር ይሆንለታል። ምልክት አያድርጉበት፣ በላዩም አይጻፉ። በጣት ማሳየቱ ይበቃል።

የሻማ ሥዕልም ለፊደል በጣም የሚመች ነው። ነጭ ሻማ፣ ነጭ ወፈር ያለ ወረቀት፣ የውሃ ቀለም። ልጁ በሻማው የፈለገውን ይሥላል፤ መስመሩ አይታይም፣ ስለዚህ «አላማረም» ብሎ የሚያቆም ልጅ እንኳ እጁን ይለቃል። ከዚያ ቀለም ሲያሳልፍበት ሰሙ ውሃውን ይገፋና መስመሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ለፊደል ሲሆን እርስዎ ቀድመው 3 ፊደል በሻማ ይደብቁበት፤ ልጁ ቀለሙን እያሳለፈ አንዱ በወጣ ቁጥር ስሙን ይጥራ። እንደ ዜማው ተራ የላቸውምና እያንዳንዱን ቆሞ ማየት ግድ ይሆንበታል። ካልወጣ ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ ነው። ሻማው በስሱ ተጭኗል፤ አንድ መስመር ላይ 2 ወይም 3 ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ወይም ቀለሙ ወፍሯል፤ 1 ማንኪያ ቀለም ለ5 ማንኪያ ውሃ ይሁን፣ የወፈረ ቀለም ሰሙን ሸፍኖት ያልፋል። ወይም ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ ዓይነት ነው፣ ሰም አይይዝም። ወይም ልጁ ብሩሹን ወደፊትና ወደኋላ እየፈተገ ነው፤ አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፍ። ተራ የማተሚያ ወረቀት በውሃ ይጨማደዳል፣ ሲፈተግም ይቀደዳል።

ሰባቱን ቤት በተመለከተ አይቸኩሉ። ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ይህን ሁሉ ከ4 ዓመት ልጅ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። 10 ያህል የግዕዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቤት፣ ፊደል ያለ ተራ የሚለይ ልጅ ግን የቤቱን ሕግ በሊጥ ማየት ይችላል፤ ለዚህ ከበ የተሻለ የለም።

ሊጡ፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 2 ማንኪያ ዘይት፣ እስከ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ። ውሃውን በአንድ ጊዜ አያፍስሱ፤ ሦስት አራተኛውን ጨምረው ለ8 ደቂቃ ያሹት፣ ካልያዘ ቀሪውን በማንኪያ ይጨምሩ። እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቷል፣ 1 ማንኪያ ዱቄት ይበቃዋል። ከተፈረፈረ በውሃ የረጠበ እጅ ይዘው እንደገና ያሹት። በተዘጋ ዕቃ ከ1 ሳምንት በላይ ይቆያል። ደርቆ እንዲቀመጥ የሚፈልጉት ሥራ ከሆነ ዘይቱን ይተዉት፣ ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ለ2 ወይም 3 ቀን በጥላ እያገላበጡ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከሰጡት ውጪው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሊጡን የሚበላ ልጅ ካለ ሌላ ሥራ ይሰጠው፤ ያ መጠን ያለው ጨው ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው።

አሁን ሊጡን በመዳፍ እያሹ እንደ ገመድ ያርዝሙት፣ ጣት ያህል ይወፍር። ሁለት 10 ሴንቲ ሜትር እግሮችና አንድ ራስ፦ በ። ትንሽ ቁራጭ ከቀኙ ጎን መካከል ላይ ሲለጠፍ ቡ። ያው ቁራጭ ከቀኙ እግር ጫፍ ሲወርድ ቢ። ቁራጩን ያንሡና የግራውን እግር በግማሽ ይቁረጡ፦ ባ። እግሩን መልሰው ይቀጥሉ፣ ቁራጩን ጠቅልለው ቀለበት ያድርጉና ቀኙ እግር ሥር ያስቀምጡት፦ ቤ። ቀለበቱን ፈትተው ወደ ግራው ጎን ያሻግሩት፦ ብ። በመጨረሻ ቁራጩን አንሥተው የቀኙን እግር ያሳጥሩ፦ ቦ። ገላው አንድ ሆኖ ሳለ ትንሿ ቁራጭ ስትዞር ድምፁ አብሮ ሲዞር ልጁ በእጁ ይዞታል። ቃሉን ሳይሆን ሥራውን ይስጡት፤ «ካዕብ፣ ሣልስ» ማለት ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም። ረ፣ የ እና ፈ በዚህ ሕግ አይሄዱም፤ ሳድስና ሳብዕም ከፊደል ፊደል ይለያያሉ። እነርሱ ይቆዩ።

ባ እና ቦ የፊደላችን ትልቁ ወጥመድ ናቸው፤ ሳ እና ሶም እንደዚሁ። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። የልጅ አእምሮ ደግሞ ግራና ቀኝን ችላ ማለትን ተምሮ ነው የመጣው፦ እጀታው ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ፣ ኩባያ ኩባያ ነው። ፊደል ላይ ይህ ሕግ ሲሻር መቀበል ጊዜ ይወስዳል፤ እስከ 7 ዓመት ገደማ ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው፣ የበሽታ ምልክት አድርገው አይዩት። የሚረዳው ወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ማኖርና «ከነጥቡ እንነሣለን» ማለት ነው።

ለዚሁ ሲባል ከማኅተም ሥራ ይጠንቀቁ። ስፖንጅ ወይም ካርቶን ላይ ባ ቆርጠው ቀለም ነክረው ሲያትሙት ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቦ ነው፤ ብም ቡን መስሎ ይወጣል። ትሪ ላይ ቀለም አፍስሶ በጣት ጽፎ ወረቀት መጫንም ያንኑ ያደርጋል። ልጁ ትክክል ጽፎ የተሳሳተ ይወጣለታል። ለማኅተም ግራና ቀኛቸው እኩል የሆኑትን ብቻ ይጠቀሙ፦ ዐ፣ ፀ፣ ወ፣ ተ፣ በ።

የሚዳሰስ ፊደልም ይኑር። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት የተጀመረው ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠ ፊደል እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ልጁ በሁለት ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት፣ ልክ እንደሚጻፍበት አቅጣጫ እየዳሰሰ ድምፁን ይናገራል። ቀጭኑን የብርጭቆ ወረቀት ይምረጡ፤ ሻካራው ጣት ስለሚያሳምም ልጁ ቶሎ ይተወዋል።

ቀለምን ከፊደል ጋር አያጋቡ። ተ ሁልጊዜ ቀይ፣ በ ሁልጊዜ ሰማያዊ ከሆነ ልጁ የሚለየው ቀለሙን ነው፤ ጥቁር ተ ሲያይ አያውቀውም። ፊደል ላይ ዓይንና አፍ ሠርቶ እንስሳ ማስመሰልም እንዲሁ ነው፤ ልጁ እንስሳውን ያስታውሳል፣ መስመሩን አያይም።

ሥዕልና ድምፅ ሲያጣምሩ አንድ ስህተት በብዙ ገበታዎች ላይ አለ፦ በ ተብሎ ቤት ይሣላል፣ ደ ተብሎ ዶሮ። ቤት የሚጀምረው በቤ ነው፣ ዶሮም በዶ። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለያዘ የሥዕሉ ስም በትክክል በዚያው ድምፅ መጀመር አለበት። በ ለበር፣ ተ ለተራራ፣ ወ ለወፍ፣ ከ ለከበሮ፣ ደ ለደመና፣ መ ለመስኮት፣ ቀ ለቀበሮ፣ አ ለአንበሳ። ፀ ለፀሐይ ደግሞ ልዩ ስጦታ ነው፤ ልጆች ብዙ ጊዜ ቀድመው ከሚሥሏቸው ነገሮች አንዷ ፀሐይ ናት፣ ክቡም እዚያው አለ። የልጁ ስምም የመጀመሪያው መጽሐፉ ነው። ሳራ ሳን ከሰ በፊት ብታውቅ ምንም አይጎድልባትም።

ሥዕልን ማስተዋወቅ ማለት መሣል ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው የሣለውን ማየትም ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 5 ደቂቃ፣ አንድ ሥዕል ብቻ፣ በትልቁ። የቀጥታ መስመር ሳምንት ላይ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የፒት ሞንድሪያንን ሥዕል ያሳዩ፤ ቋሚና አግዳሚ ጥቁር መስመሮች፣ በመካከላቸው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስ በሕይወቱ ማምሻ በዋናነት ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ነበር የሚሠራው፤ ይህን ያዩ ልጆች ለመቀስ ሥራ ሌላ ዓይን ይኖራቸዋል። የእኛን ፊደል የሥዕሉ ዋና አካል ያደረገውን የወሰኔ ኮስሮፍን ሥዕል ግን አይለፉት፤ ፊደሎቹ ተዘርግተው፣ ተጣመው፣ ተቆራርጠው ሲያዩ «ይሄ ተ ነው!» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥያቄዎ «ሠዓሊው ምን ማለት ፈልጎ ነው?» አይሁን። «ምን ታያላችሁ? ረጅሙ መስመር የት ይጀምራል? በጣታችሁ በአየር ላይ ተከተሉት» ይበቃል።

ስለ ልጁ ሥዕል ሲናገሩም «ይሄ ምንድን ነው?» አይበሉ። ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም፤ መስመር ነው፣ እጅ ሲንቀሳቀስ የተወው ዱካ ነው። ሲጠየቅ ግን ለእርስዎ ሲል አንድ ስም ይፈጥራል፣ ቀስ በቀስም የሚጠየቁበትን ብቻ ይሥላል። «ጎበዝ፣ ያምራል» ብቻም ባዶ ነው። ያዩትን ይንገሩት፦ «ይህን ቀይ መስመር ከላይ እስከ ታች አወረድከው፤ እዚህ ጋ ወፈረ።» ልጁ መስመሩን እንደገና ያየዋል፤ ያ ዓይን ነው ነገ ባን ከቦ የሚለየው። በእርሱ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይሣሉ። ማሳየት ካስፈለገ የራስዎን ወረቀት ይጠቀሙ፤ ስሙንም ከመጻፍዎ በፊት የት እንዲጻፍለት ይጠይቁት።

ወደሚያለቅሰው ልጅ ልምጣ። አያስገድዱት፣ «ምንም አይደለም» ብለውም እጁን አይንከሩ። ለአንዳንድ ልጆች እርጥብና የሚያጣብቅ ነገር ቆዳ ላይ ሲያርፍ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ 3 ማንኪያ ቀለም ይጨምሩ፣ አየሩን አስወጥተው አፉን በፕላስተር ደርበው ያሽጉት፣ ጠረጴዛ ላይ ይለጥፉት። በላዩ በጣቱ ሲያሰምር ቀለሙ ይከፈልለታል፣ መዳፉን ሲያሳልፍበት ይጠፋል፤ እጁ ግን ደረቅ ነው። ፊደል ለመሞከርም ግሩም ሰሌዳ ነው። ቀለሙ ከበዛ መስመሩ ወዲያው ይሞላና አይታይም። ቀጥሎ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አጠገቡ አስቀምጦ አንድ ጣት። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከቀለም ውጪ በሌላ ነገርም እንዲህ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በልብስ፣ በምግብ፣ በድምፅ፣ ከወላጆቹ ጋር ተነጋግራችሁ ባለሙያ ቢያየው መልካም ነው።

18 ልጅ በአንድ ጊዜ ቀለም ላይ አይቀመጥም። 4 ወይም 5 ልጆች ቀለም ላይ፣ 5 ሊጥ ላይ፣ 5 ወረቀትና መቀስ ላይ፣ የቀሩት ከእርስዎ ጋር ምንጣፉ ላይ ቀለበትና ዱላ ይዘው፤ በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ። የውሃው ዕቃ ሰፊና አጭር ይሁን፣ ውሃው ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ረጅም ብርጭቆ ብሩሽ ሲገባበት ይገለበጣል። ክሬዮን ሲሰበር አይጣሉት፤ 3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በጡጫ ስለማይያዝ ልጁ ሳይነገረው በሦስት ጣት ይይዘዋል። መቀስ ለጀማሪ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወፈር ያለ ወረቀት ይጀመር፤ በአንድ መቁረጥ ስለሚበጠስ ውጤቱን ያያል፣ ቁርጥራጩም በ እና ተ ለመሥራት ይሆናል። ስስ ወረቀት መቀሱ መሃል ይታጠፋል። ግራኝ ልጅ ጠረጴዛው ግራ ጫፍ ላይ ይቀመጥ፣ ለግራኝ የተሠራ መቀስም ይፈለግለት፤ በቀኝ መቀስ ሲቆርጥ የሚቆርጠው መስመር ይሸፈንበታል።

በየሁለት ሳምንቱ 6 ካርድ ይዘው አንድ በአንድ ይዩአቸው። ካርዶቹ ጥቁር በነጭ ይሁኑ፣ ሦስቱ የታተሙ፣ ሦስቱ በእጅ የተጻፉ፣ ተራቸው የተደበላለቀ። 3 ሰኮንድ ያህል ይጠብቁ። ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሀ ጀምሮ ከቆጠረ ፊደሉን ገና አልያዘውም፤ ወደ ቀለበቱና ወደ ዱላው ይመለሱ። 4 ከያዘ አዲስ ፊደል ይጨመርለት። ሥዕሉን ግን አይመዝኑ፤ ማርክም ኮከብም አይሰጠው።

ወላጆች «የታል የተሠራው?» ማለታቸው አይቀርም፣ የታተመው ወረቀት ሲቀር በተለይ። በየወሩ የእያንዳንዱን ልጅ አንድ ሥዕል ቀን ጽፈው ያስቀምጡና ሦስተኛው ወር ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ያሳዩአቸው። በመጀመሪያው ላይ ሙንጭርጭር፣ በሁለተኛው ላይ የገጠመ ክብ፣ በሦስተኛው ላይ ክቡ ውስጥ የተሰመረ መስመር ካዩ፣ ልጁን ጠርተው ፀን በጣቱ እንዲያሳያቸው ያድርጉ።